ያልተለካው ውሃ

ወልደየስ ደማም በኖረባቸው ዓመታት አንድም ቀን ሳይፈራ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ዓርብ ዓርብ አል ሙሐመዲያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ወንድም ቤት መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንጸልይ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ዓይኑን ይገልጣል። መኪናው እስኪሄድ ድረስም "አሜን" አይልም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው የሆሳዕና ሰው ነው። የኬሚስትሪ ዲፕሎማ አለው፤ አገሩ ሳለ ሁለት ዓመት አስተምሯል። ሳዑዲ የገባው በቪዛ፣ ሆፉፍ አካባቢ ላለ የቴምር እርሻ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ካፊሉ፣ በስሙ ያስመጣው አሠሪ፣ በአካፋ እጀታ ሲመታው ጠፋ። ካፊሉም ሁሩብ አስመዘገበበት፤ ሠራተኛዬ ኮብልሏል ብሎ አመለከተ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኪሱ ያለው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ዋጋ አጣ። የፓስፖርት ፖሊሶቹ፣ ጀዋዛት የሚባሉት፣ ካገኙት መጨረሻው እስር ቤትና አውሮፕላን ነው።

ደማም ውስጥ ሙሜ ከሚባል የደደር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሙሜ በቦሳሶ በኩል የመን ተሻግሮ፣ ከየመን በእግሩ የመጣ ነው። ኢቃማ የሚባል ነገር ጭራሽ ኖሮት አያውቅም። አንዱ እስላም፣ አንዱ ጴንጤ፤ ጠዋት አንዱ ሲሰግድ ሌላው ሻይ ያፈላል። ሙሜ ሳቂታ ነበር። ፖሊስ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ ሰላም ይላል እንጂ አይሸሽም። ወልደየስ በዚህ ይገረማል፤ ይቀናበታልም።

ወልደየስን ሥራ ያስገባው አብዱሽኩር የሚባል ኢንጂነር ነው። ሐረር ተወልዶ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ጅዳ የገባ፣ ሕንድ አገር የተማረ፣ ከደማም አጠገብ ባለችው ኾበር ከተማ የፋብሪካ ቧንቧዎችንና የውሃ ታንኮችን በሚመረምር ትንሽ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነበር። አማርኛው በልጅነቱ እንደተወው ቀርቷል፤ ሲቸግረው ዐረብኛ ይጨምርበታል። ወልደየስ ወረቀት እንደሌለው እያወቀ፣ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ስለፈለገ ብቻ ወሰደው።

የወልደየስ ሥራ በወር አንድ ጊዜ በየፋብሪካው ዞሮ ውሃ መለካት ነው። ሙቀቱን፣ አሲድነቱንና በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እዚያው ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ይለካል። ለጨው መጠን ደግሞ በጠርሙስ ቀድቶ ቢሮ ያመጣና በጠብታ ይመረምራል። ቁጥሮቹን አብዱሽኩር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስገባቸዋል።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ለወልደየስ ያስረዳው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ብረት ውሃ ውስጥ ሲኖር ውሃው እየበላው ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚበላው በጨው፣ በሙቀት፣ በአየርና በፍጥነት ይወሰናል። ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት ቧንቧውን መክፈት፣ ፋብሪካውንም ማቆም ያስፈልጋል። ፋብሪካ ደግሞ መቆም አይፈልግም። ስለዚህ አብዱሽኩር ቧንቧውን በስሌት ያስመስለዋል፤ ሲሙሌሽን ይለዋል። የውሃውን ቁጥር ሲሰጡት ፕሮግራሙ ብረቱ በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሚበላ አስልቶ፣ የቀረውን ውፍረት የሚያሳይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚወርድ ሰማያዊ መስመር ይስላል። ከታች ቀይ መስመር አለ። ሰማያዊው ቀዩን የሚነካበት ቀን ቧንቧው ሊፈነዳ ይችላል የሚባልበት ቀን ነው። የትኛው ቧንቧ ተከፍቶ ይታይ፣ የትኛው ይቆይ የሚወሰነው በዚያ ሥዕል ነው።

ወልደየስ ይህን ሥራ ይወደው ነበር። ከመጣ ወዲህ በጭንቅላቱ የሠራው እሱን ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2011 ሴፕቴምበር ላይ በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ሲሄድ በሩ ላይ የጀዋዛት መኪና ቆሞ አየ። ሁለት ባንግላዴሾች እጃቸው ታስሮ አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል። የታክሲውን ሹፌር ቀጥ ብለህ ንዳ አለው። ኾበር ቢሮ ገብቶ የመመዝገቢያውን ቅጽ ፊቱ ላይ አደረገና ያለፈውን ወር ቁጥሮች ገለበጠ። አንዱን በትንሽ ከፍ፣ ሌላውን በትንሽ ዝቅ አደረገ። ጠርሙሱን ካለፈው ወር በተረፈ ውሃ ሞላው።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሲሄድ ግን በሩ ላይ ያለው የመናዊ ዘበኛ ተቀይሯል። የድሮው በእጁ ምልክት ያሳልፈው ነበር። አዲሱ የእያንዳንዱን እንግዳ ኢቃማ ቁጥር ተቀብሎ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ወልደየስ እንደገና ተመለሰ። ለአብዱሽኩር ሊነግረው አስቦ ነበር፤ ግን በር ማለፍ የማይችል የውሃ ለኪ ምን ይጠቅማል? ነገ ኸላስ፣ በቃህ፣ ይለዋል። እንደገና ገለበጠ። እንዲህ እያለ ስድስት ወር አለፈ። ኮምፒዩተሩም የተሰጠውን ተቀብሎ ያ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ገና አሥራ አንድ ዓመት ይቆያል አለ። አብዱሽኩር ፈረመበት። ቧንቧው ተከፍተው ከሚታዩት ዝርዝር ወጣ።

በ2012 ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሙሜ ደስ ብሎት ገባ። ሠራተኛ በአውቶቡስ የሚያቀርብ ሰው ቋሚ ሥራ ሰጥቶታል። ወልደየስ የት ነው ብሎ ጠየቀው። ኢንዱስትሪ ከተማ፣ ጭማቂ ፋብሪካ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ አዳራሽ አለ ሙሜ። ጠርሙሶቹ የሚታጠቡት በሚፋጅ ውሃ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ደግሞ ከጭንቅላታቸው በላይ በሚያልፍ ትልቅ ቧንቧ ነው።

ወልደየስ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።

ሳምንት ሳይሞላ ሙሜ እያወራ ሌላ ነገር ጨመረ። የማጠቢያው ውሃ ከንፈር ሲነካ ጨው ጨው ይላል። ነባሮቹ እንደሚሉት የፋብሪካው የውሃ ማጣሪያ ኦክቶበር ላይ ተበላሽቷል፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚመጣው ከጉድጓድ በቦቴ ነው። አንዳንድ ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ቀይ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ቀናት ወልደየስ ሲነግረኝ እጁን ጉልበቱ መካከል ጨምቆ ነበር። ጨዋማ ውሃ፣ ሙቀትና አየር አንድ ላይ ሲሆኑ ብረትን ምን እንደሚያደርጉት ከማንም በላይ ያውቃል። ጠዋት ሙሜ ጫማውን ሲያስር ያየዋል። "ዛሬ ቅር" ሊለው ይፈልጋል፤ ለምን ሲለው ምን ይመልሳል? አንድ ቀን አሞኛል፣ አብረኸኝ ዋል አለው። ሙሜ የትኩሳት ክኒን ገዝቶ ሰጥቶት ሄደ። ሌላ ቀን የዚያ ፋብሪካ አለቆች ክፉ ናቸው ይባላል፣ ሥራ ቀይር አለው። ሙሜ ሳቀበት። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ የአውቶቡሱን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ወልደየስ ምግብ አይወርድለትም። ዓርብ ለጸሎት ይመጣል፤ ተራው ሲደርስ ግን አፉን አይከፍትም። እኛ የአገር ናፍቆት መስሎን ነበር።

በመጨረሻ የወሰነው ውሃውን ራሱ ለመለካት ነው። ምናልባት ያን ያህል አልከፋ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ማርች አሥራ ዘጠኝ፣ ሰኞ ጠዋት፣ መለኪያዎቹንና አንድ ጠርሙስ የምሳ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ከሙሜ ጋር የሠራተኞቹን አውቶቡስ ተሳፈረ። ለሙሜ የቀን ሥራ ልሞክር ነው አለው። ዘበኛው የአውቶቡሱን ሰዎች ጭንቅላት ቆጥሮ ብቻ እንደሚያሳልፍ ከሙሜ ሰምቶ ነበር። በሩ ላይ ሲቆሙ ዘበኛው ወጥቶ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠራቸው። አንድ ሰው በዛበት። እንደገና ቆጠረ። ወልደየስ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሹፌሩ አዲስ ሠራተኛ ጨምረናል አለ። ዘበኛው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ በሩን ከፈተ።

በውስጥ ማንም አልጠየቀው። የሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሐበሻ መሣሪያ ይዞ ማሞቂያው ክፍል ሲገባ የሚያየው የለም። መቅጃውን ከፍቶ ለካ። ኦክስጅኑ እሱ ይጽፈው ከነበረው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። መለኪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ደገመው፤ ያው ነው። ጠርሙሱን ሞልቶ፣ ሠራተኛው ለቀትሩ የዙህር ሰላት ሲበተን ከሰዎቹ ጋር ወጥቶ ሄደ። ሰላት ሳይደርስ ሙሜን በአዳራሹ በር በኩል ሣጥን ሲገፋ አይቶት ነበር። ወልደየስ ቀና ብሎ ቧንቧውንም አየ። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጤነኛ የሚመስል ቧንቧ ነው።

ኾበር ሲደርስ ቢሮው ባዶ ነበር፤ አብዱሽኩር ምሳ ሄዷል። ወልደየስ ውሃውን በጠብታ መረመረ። ቢጫው ፈሳሽ ወደ ጡብ ቀለም እስኪለወጥ ድረስ የሚያስፈልገው ጠብታ አላልቅ አለው። ከዚያ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በአብዱሽኩር ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሠራሩን ከኋላ ቆሞ ብዙ ጊዜ አይቶታል። የቧንቧውን ፋይል ከፍቶ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮች ደምስሶ ዛሬ የለካውን አስገባና እንዲያሰላ አዘዘው።

ኮምፒዩተሩ ጥቂት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ሰማያዊው መስመር መሳል ጀመረ። እስከ ኦክቶበር ድረስ ቀጥ ብሎ መጣ። ከኦክቶበር በኋላ ግን ታጠፈና ወደታች ወረደ። በዓመት ሁለት ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር ይላል። ወልደየስ ቀዩን መስመር የሚነካበትን ቀን ለማየት ወደ ቀኝ ፈለገ። አጣው። ወደ ግራ ሲመለስ አገኘው። ቀኑ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖታል።

"ሙሜን ሞቶ ያየሁት መሰለኝ" አለኝ። "ሥዕሉ ላይ።"

አብዱሽኩር በሩን ከፍቶ ሲገባ ወልደየስ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ስክሪኑን አየ። የየትኛው ቧንቧ ነው ብሎ ጠየቀ። ወልደየስ ነገረው። ያ ቧንቧ ገና አሥራ አንድ ዓመት ይቀረዋል እኮ አለ አብዱሽኩር። ወልደየስ ተነሥቶ ቆመ።

"ኢንጂነር፣ እኔ የሰጠሁዎት ቁጥር የውሸት ነበር።"

"የትኛው ቁጥር?"

"ከሴፕቴምበር ጀምሮ ያለው። በሩን ማለፍ ፈራሁ። የድሮውን እየገለበጥኩ ነው የሰጠሁዎት።"

አብዱሽኩር ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ ታየ፤ ወልደየስ ቁጣ ይጠብቅ ነበር፤ ያየው ግን ራሱ የሚያውቀውን ነገር ነው። አብዱሽኩር ፈርቷል። ሪፖርቱ ላይ ያለው የእሱ ፊርማ ነው። እሱም ካፊል አለው፤ እሱም እዚህ አገር በሌላ ሰው ፈቃድ የሚኖር ነው፤ ሦስት ልጆቹ እዚህ ትምህርት ቤት ይማራሉ። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ማን ያውቃል ብሎ ጠየቀ። ማንም አለ ወልደየስ። አብዱሽኩር ፋብሪካው ዓርብ እንደሚዘጋ፣ ዓርብ በጸጥታ ሄደው ሊያዩት እንደሚችሉ፣ ስሌት እንግዲህ ስሌት መሆኑን፣ ቀን ቆርጦ የማይናገር መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። ለራሱ እንጂ ለወልደየስ የሚያስረዳ አይመስልም ነበር።

"ኢንጂነር" አለ ወልደየስ፤ "አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከሥሩ ነው የሚሠራው። አሁን እዚያ ነው ያለው።"

አብዱሽኩር ንግግሩን አቆመ። ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ፣ ከአላህ በቀር ኃይል የለም፣ አለ። ከመሳቢያው የብረት ውፍረት በድምፅ የሚለካውን መሣሪያ አወጣ፤ የመኪናውን ቁልፍም አነሣ።

ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው የሁለቱንም ኢቃማ ጠየቀ። አብዱሽኩር የራሱን አውጥቶ ሰጠና ይህ ሰው የኔ ነው፣ ስንወጣ ኢቃማዬን እወስዳለሁ፣ እስከዚያ መያዣ ይሁንህ አለው። ዘበኛው የኢንጂነሩን ፊት አየና አሳለፋቸው። ወልደየስ ዘበኛው ከኋላቸው ስልክ ሲያነሣ አየ። ለጀዋዛት እየደወለ ይሁን ለሌላ ሰው እስካሁን አያውቅም።

አዳራሹ በእንፋሎትና በጠርሙስ ኳኳታ የተሞላ ነበር። ከሃያ በላይ ሰው ይሠራል። ወልደየስ መሰላል ላይ ወጥቶ ቀለሙን ፋቀ፤ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አስጠጋ። ሁለት ነጥብ አራት ሚሊሜትር፤ ከቀዩ መስመር በታች ነው። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት። ቧንቧው ወደ ማጠቢያው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ አንድ ነጥብ አምስት። እጁ ከብረቱ ላይ አልነሣ አለው። ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ውፍረት ማዶ የሚፈላ ውሃ በግፊት እየሄደ ነው። ታች ሙሜ ቀና ብሎ አየውና እጁን አውለበለበ።

አብዱሽኩር የፈረቃውን አለቃ ጠርቶ ፓምፑ አሁን ይቁም አለው። አለቃው ፈረቃው አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ያኔ ይታያል፣ አሁን ሙሽኪላ፣ ጣጣ፣ አታምጣ አለ። ባለፈው ወር ራሳችሁ አሥራ አንድ ዓመት ብላችሁ ጽፋችኋል ሲልም ጨመረ። አብዱሽኩር አላከራከረውም። ከደብተሩ ላይ አንድ ወረቀት ቀደደና ሰዓቱን፣ ሦስቱን ቁጥሮችና "ይህ ቧንቧ ሊፈነዳ እንደሚችል ለፈረቃው አለቃ ነግሬያለሁ" የሚል ጽፎ ፈረመበት። ለአለቃው ብዕሩን ዘረጋለት።

"ሰምቻለሁ ብለህ ፈርምና አሥር ሰዓት ድረስ ይሂድ" አለው።

አለቃው ብዕሩን አልተቀበለም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ዞሮ እየጮኸ ሰዎቹን ከአዳራሹ አስወጣና ፓምፑን አስቆመ።

ውሃው ቆሞ ቧንቧው እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ አንድ የፋብሪካው መካኒክ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ከሁሉ ይበልጥ የሳሳውን ነጥብ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ገፋ አደረገው። መፍቻው እንደ ካርቶን በስቶ ገባ። ቀይ ውሃ በመካኒኩ ክንድ ላይ ወረደ። ወልደየስ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አብዱሽኩር በሪፖርቱ ላይ "የቀደሙት የውሃ ልኬቶቻችን ስሕተት ነበሩ" ብሎ ጻፈ፤ የማንንም ስም አላነሣም። ፋብሪካው ውሉን አቋረጠ። የቢሮው ባለቤት አብዱሽኩርን አላባረረውም፤ ግን ለብዙ ወራት ኹሩጅ፣ የመጨረሻ የመውጫ ቪዛ፣ እንደሚመታበት እያስፈራራው ኖረ። ወልደየስን ያሰናበተው አብዱሽኩር ራሱ ነው። ቢሮው ደረጃ ላይ ቆመው፣ "አልከስህም፤ ግን ከእንግዲህ የምትጽፈውን ቁጥር ማመን አልችልም" አለው። ወልደየስም ልክ ነዎት አለ። ከዚያ ወዲያ አል ነኺል ሰፈር ውስጥ የቪላ ግቢዎች ማጽዳትና መኪና ማጠብ ጀመረ።

ለሙሜ እውነቱን የነገረው ከወር በኋላ ነው። ሙሜ ያን ቀን ወልደየስ አዳናቸው ብሎ ለሁሉም ሰው ያወራ ነበር፤ ያ ነው ያስቸገረው። አንድ ከሰዓት ሁሉንም ነገረው። ሙሜ ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"እኔ እዚያ ሥራ ስጀምር ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ስንት ቀን ዝም አልክ?"

"ሃያ ሦስት።"

ሙሜ ፍራሹን ጠቀለለ። ጀለቢያውን፣ መስገጃውንና ቻርጀሩን ፌስታል ውስጥ ከቶ ወጣ። አልተሳደበም፤ በሩንም ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ወልደየስ የፖሊስ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር አሁን ለሁለት ሰው ይፈራ ጀመር፤ ሙሜ የት እንደሚያድር አያውቅምና።

በ2013 መንግሥት ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ሳይታሰሩ እንዲወጡ ጊዜ ሲሰጥ ወልደየስ እጁን ሰጠ። አሻራ የሚሰጥበት ሰልፍ ፀሐይ ላይ ነው፤ ሰው በሺህ ይቆጠራል። ቢሮው ውስጥ ገብቶ የማይወጣ አለ የሚል ወሬ ይናፈሳል። እዚያ ቆሞ ሳለ ወደፊት ሰላሳ ሰው ያህል ቀደም ብሎ ሙሜን አየው። ከስቷል። ሙሜም አየው። ዞር አለ፤ ከዚያ እንደገና ዞረ። ከሰልፉ ወጣና ቦታውን ጥሎ መጥቶ ከወልደየስ ኋላ ቆመ።

ወልደየስ ተራህን አጣህ እኮ አለው። ሙሜ ውሃ እንዳለው ጠየቀው። ወልደየስ ጠርሙሱን ሰጠው። ጠጥቶ መለሰለት። እስከ ማታ ድረስ የተነጋገሩት ከዚህ የበለጠ አይደለም።

በተለያየ ሳምንት በረሩ። ሙሜ ዛሬ ደደር ነው፤ በዓል ሲሆን ይደውላል። ስለ ቧንቧው አያነሣም። ወልደየስም አያነሣም።